አባባ ያልፈረሙበት ውክልና

ከአገር ርቀህ ከልባችን ላልራቅኸው ወንድሜ ባርናባስ፣

የጌታ ሰላም ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ቤትህ ይግባ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ሱቁስ? አብረውህ ያሉት የአገር ልጆችስ? ያቺ ልጆቿን ሱቅህ በር ላይ ትታ ገበያ የምትሄደው ጎረቤትህስ ደህና ናት? በሩን በጊዜ ዘግታችሁ በሰላም ታድራላችሁ ወይ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወግ እንዳይመስልህ። ስለ እናንተ ከተማ በዜና አንድ ነገር በሰማሁ ቁጥር ድምፅህን እስክሰማ ድረስ እጄ ሥራ አይዝልኝም። እኛ ግን ተመስገን ነው። ባለቤቴ ፈቀደ ደህና ነው፤ ልጃችን ሩታ ትምህርት ቤት ገብታ አፏ ተፈትቶ ከእኔ ጋር መከራከር ጀምራለች። እኔም ፋብሪካው ከማሸጊያ ክፍል ወደ ጥራት ቁጥጥር ስላዛወረኝ ወገቤ አርፏል። ናፍቆትህን ተወው፤ እሱ እንደ ቤተሰብ አብሮን ይኖራል።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው ትንሳኤ ናት። በቤተ ክርስቲያን ከእኔ ጋር ታመልካለች፤ አሁን ባሏ ቪዛ ስላሳካላት ወደ እናንተ ልትመጣ ነው። በስልክ ልነግርህ እየቻልኩ ለምን እንደጻፍኩልህ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስንጀምረው አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ መስመሩም ይቋረጣል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። አንተም ካናደደህ ታስቀምጠውና ሲበርድልህ ታነሳዋለህ። ስለዚህ በአባባና በአንተ መካከል የሆነውን፣ እሳቸውም እኔ ቤት በነበሩ ጊዜ ያየሁትን፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ የሰማኸው ከዚህም ከዚያም ተቆራርጦ ነውና።

ሀቢቾ ሜዳ ላይ የሙከራ ጉድጓድ ሲቆፈር የነበረውን ወሬ ታውቀዋለህ። ፈቃድ የተሰጠው ኩባንያ ማሽኑን ተክሎ ክረምቱ ሊገባ ሲል የነዳጅ ምልክት ተገኘ ተባለ። ምልክት ነው የተባለው፤ ግን አገር ቤት ምልክት የሚለውን ቃል ማን ይሰማል? ነዳጅ ፈሰሰ ተባለ። እማዬ በስልክ እንደነገረችኝ ከሆነ በዚያ ሰሞን መንደሩ ሥራ ትቶ መኪና ሲቆጥር ይውል ነበር። የተጣሉ ወንድማማቾች ድንበራቸውን ሊያስለኩ ቀበሌ ተሰለፉ። ለግጦሽ እንጂ ለሌላ ማንም ፈልጎት የማያውቀው ሜዳ ባለቤቱ በዛ።

አንተም ያን ጊዜ ነው ከየሺጥላ ጋር የተገናኘኸው። እዚያ ያለ ሰው ነው ያስተዋወቀህ፤ አዲስ አበባ ቢሮ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፣ የሁሉንም መሥሪያ ቤት በር ያውቃል ብለህ ነገርከኝ። አባባ ውክልና ከሰጡት ነዳጁን በቤተሰባችን ስም አስመዝግቦ ገዥ ያመጣል፣ እኔም ሱቁን ሸጬ እመጣለሁ አልከኝ። እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽህም፤ ነዳጁን ሳይሆን መምጣትህን ነበር የሰማሁት። አባባን ደውዬ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው እንዲመጡ የነገርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ።

አባባ ዝናቡ ባቆመበት ሰሞን መጡ። ፈቀደ አየር ጤና ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። ሰበታን ሲያዩዋት ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ከተማ ናት ብላችሁኝ ነበር፣ ይኸው ጤፍ አያለሁ አሉ። እኛ ቤት አጠገብ ከፋብሪካው ግንብ ሥር የተረፈች የጤፍ ማሳ አለች፤ የአከራያችን የኦቦ ያደታ ናት። አባባ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ እሷን ሊያዩ ሄዱ። ኦቦ ያደታ ደግሞ ከማሳው ውስጥ ቀና ብለው «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧቸው፤ አባባም በእኛ ቋንቋ መለሱ። ሁለቱም ያሉት ነገር አንዱ ለሌላው አልገባውም። ቢሆንም ቆመው ብዙ አወሩ፤ ኋላ ወደ አማርኛ መጡ።

የሺጥላ የመጣው ቅዳሜ ነው። መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ፣ አባባን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ጥሩ ለብሷል፤ አነጋገሩም የሚያስከፋ አይደለም። ቁጭ ብሎ የተዘጋጀውን የውክልና ወረቀት አወጣና አባባ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቱ አሳያቸው። በማግስቱ አብረው ሄደው ውልና ማስረጃ ፊት ያጸድቁታል፤ ለዛሬው እዚሁ ቢፈርሙ ይበቃል አለ። እኔ እንኳ እሑድ መሥሪያ ቤቱ እንደማይከፈት ትዝ ያለኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

አባባ ወረቀቱን አላዩም። የሚሸጠው ምን እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ሳቅ ብሎ «አባባ፣ ከላይ ያለው ሣር የእርስዎ ከሆነ ከሥሩ ያለው የማን ሊሆን ነው?» አላቸው። አባባም ሜዳው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ የእሳቸው ዳር ላይ ያለችው ቁራጭ ብቻ እንደሆነች፣ ከብቱ ግን የሁሉም እንደሚገባበት አስረዱት። የሺጥላ ይሄማ የተሻለ ነው፣ ጎረቤቶቹንም ያሰባስቡልኝ አለ። ያኔ አባባ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ሜዳውን አይተኸዋል?»

በስልኩ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አሳያቸው። አባባ ፎቶውን ደህና አድርገው አዩትና ስልኩን መለሱለት። ከዚያ «አንተ ሜዳውን አላየኸው፣ እኔ ነዳጁን አላየሁት። ሁለታችንም የምንሸጠውን አናውቀውም» አሉ። ወረቀቱንም አጥፈው ሰጡት። አልተቆጡም። እንዲያውም ምሳ ሳይበላ አይሄድም ብለው አስቀመጡት፤ በላ፣ ሄደ።

ማታውን አንተ ደወልክ። የሺጥላ ነግሮህ ኖሯል። በዚያ ስልክ የተባለውን እኔም አንተም እናውቀዋለን፤ ላስታውስህ ብዬ አይደለም። ዕድሜያችሁን ሙሉ ከድህነት ጋር ተስማምታችሁ የኖራችሁት በዚህ ነው ስትላቸው ድምፁ ክፍት ስለነበር ፈቀደም ሰምቷል። አባባ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ወደ ግቢ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችሁ አልተነጋገራችሁም። እኔም ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ከነዳጁ ይልቅ ይሄ ነው።

ግቢ ውስጥ ኦቦ ያደታ ነበሩ። የአባባን ፊት አይተው ዱካ አቀረቡላቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ የራሳቸውን ነው ያወሩት። እዚህ ስንኖር እኔም አንድ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን። ያ ከፊታችን ያለው ፋብሪካ የቆመበት መሬት የእሳቸውና የወንድሞቻቸው ነበር። ከተፍኪ መንገድ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ያርሱት ነበር። ለልማት ሲጠየቁ ስብሰባ ተጠሩ፤ ሰው ሁሉ እየተነሳ ስለ ካሳው ጠየቀ፣ እሳቸውም ስለ ካሳው ጠየቁ፤ ካሳውም ተከፈላቸው። ቤት ሠሩበት፣ ይኸው እኛም ተከራይተነዋል፤ በዚህ አላማረሩም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ስለ ብሩ ያልጠየቀ አልነበረም። ወንዝ በየት እንደምንወርድ የጠየቀ ግን አልነበረም። ግንቡ ሲያልቅ ነው መንገዱ ውስጥ እንደቀረ ያየነው።» አሁን ሁለቱን ላሞቻቸውን ውኃ ለማጠጣት በአስፋልቱ በኩል ዞረው፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ ነው የሚወርዱት። በየቀኑ ሲያልፉ አያቸው ነበር፤ እዚያ ማዶ ዘመድ ያላቸው ይመስለኝ ነበር።

አባባም እኛ ሜዳ ላይ ሆራ አለ አሉ። ሆራ ማለት ለኦቦ ያደታ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቃሉም የእነሱው ነው። ያ ጨዋማ ምንጭ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ገብተህበት እማዬ የገረፈችህ፣ የሦስት ቀበሌ ከብት የሚወርድበት። የኩባንያው አጥር ችካል የት ላይ ነው የተተከለው ብለው ጠየቋቸው ኦቦ ያደታ። አባባ ችካሉን እንጂ አጥሩ በየት እንደሚያልፍ አያውቁም ነበር። ከዚያ «ሰኞ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ውሰጂኝ» አሉኝ።

ሰኞ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኳቸው። በር ላይ ብዙ አቆዩን፤ ከበሩ ስናልፍም የመጀመሪያው ሰውዬ ከቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ ብሎ መለሰን። እኔ እሺ ብዬ ልወጣ ነበር። አባባ ግን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡና ደብዳቤው እስኪመጣ እዚሁ እጠብቃለሁ አሉ። ቀልዳቸው ይሁን ምራቸው አላወቅሁም። ከምሳ የምትመለስ አንዲት ሴት አየቻቸውና ከየት ነው የመጡት አባባ አለቻቸው። የሜዳውን ስም ሲነግሯት ቆም አለች። የወይንሐረግ ትባላለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ናት፤ የዚያ ሜዳ ፋይል ደግሞ እሷ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወደ ቢሮዋ አስገባችን።

ባርናባስ፣ እኔና አንተ ስንከራከርበት የነበረውን ነገር ያቺ ሴት በለሆሳስ ጨረሰችው። በሕገ መንግሥቱ መሬትም ከመሬት በታች ያለ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለች። አባባ በይዞታቸው የመጠቀም መብት አላቸው፣ ከይዞታቸው ቢነሱ ካሳ አላቸው፤ ነዳጁን ግን መሸጥ አይችሉም። «እርስዎም አይሸጡትም፣ ውክልና የጠየቀዎት ሰውም አይሸጠውም፣ እኔም አልሸጠውም» አለቻቸው። ኩባንያውም ቢሆን የያዘው ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። በራሱ ወጪ ይፈልጋል፤ ለማልማት የሚያበቃ ነዳጅ ካገኘ ደግሞ እንዴት እንደሚያወጣው፣ መሬቱንና ውኃውን እንዴት እንደሚጠብቅ ዕቅድ ጽፎ ያቀርባል፤ መንግሥት ካላጸደቀው አንድ በርሜል አያወጣም።

አባባ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበረ።

«እንግዲያው የመንግሥት ከሆነ እኔን ምን ጨነቀኝ? መጥቼ አደከምኩሽ።»

እሷም «የመንግሥትና የሕዝብ ነው ያልኩት፣ አባባ። ሕዝብ የተባለው ውስጥ እርስዎ አሉበት» አለች።

«እንዲያ ከሆነ ልጠየቅ» አሉ አባባ።

የወይንሐረግ ሳቀች፤ ግን ሳቋ የንቀት አልነበረም። ያን ጊዜ ነው በረቂቁ ዕቅድ ላይ ከአካባቢው ተወካዮች ጋር አዲስ አበባ ላይ ምክክር ሊደረግ እንደሆነ የነገረችን። ጥሪው ወደ ወረዳው ተልኳል፤ ግን እስካሁን የመጣ ስም የለም አለች። ስንወጣም በር ድረስ ሸኝታን፣ ሕጉ መጻፉ ብቻ እንደማይበቃ፣ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ወረቀት ላይ እንደሚቀር ነገረችን። መሥሪያ ቤቷን ስታማ አልመሰለኝም፤ ልታበረታን ነበር።

አባባ ከታክሲው ሳይወርዱ ለሽማግሌዎቹ ደወሉ። ቀበሌውም ተሰብስቦ፣ እሳቸው እዚያው ስላሉ አንዱ ተወካይ እሳቸው ይሁኑ ተባለ፤ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ካለው ቀበሌ ደግሞ ሙሐመድአሚን ተመረጡ። ታውቃቸዋለህ፣ የበሬ ነጋዴው፤ ድሮ ከአባባ ጋር በድንበር ተካሰው የነበሩት። እሳቸውም መጥተው እኛው ቤት አረፉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ክፍል፣ አንዱ በጠዋት ተነስተው ሲሰግዱ ሌላው ሲጸልዩ፣ እኛም ሩታን መሐላችን እያስተኛን፣ ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ደስ የሚል ሰሞን ነበር። ኦቦ ያደታም ማታ ማታ እየመጡ አብረው ይመክራሉ። ስንት ጥያቄ እንጠይቅ ሲሉ ኦቦ ያደታ ካበዛችሁ በጽሑፍ ይግባልን ብለው ያልፏችኋል፣ አንድ ያዙና እስኪመለስላችሁ አትቀመጡ አሏቸው።

በስብሰባው ቀን ከአባባ ጋር እኔ ገባሁ፤ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ይፈቀዳል ስለተባለ ነው። አማርኛ እንደማያስቸግራቸው አንተም ታውቃለህ፣ ግን ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው። አዳራሹ ትልቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ የክልሉ፣ የኩባንያው፣ ከዚያ እኛ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ካርታውን ግድግዳው ላይ አሳየ። የሚታጠረው በቀይ ተከቧል። ሆራው በሰማያዊ ነጥብ ተደርጎ ቀዩ ውስጥ ነበር። የረሳው ሰው አልነበረም፤ ምንጭ እንዳለ ጽፈውበታል። አጥሩ ሆራውን ይዞ እንዲያልፍ የተደረገው የኩባንያው የመኪና መንገድ አጭር እንዲሆን ነው።

መጀመሪያ የተነሱት ሙሐመድአሚን ናቸው፤ ነዳጁ ሲሸጥ ለእኛ በቤት በቤታችን ምን ይደርሰናል ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሳይሸፋፍኑ መለሱላቸው። ገቢው ፌዴራልና ክልል የሚካፈሉት እንጂ ለቤተሰብ የሚታደል እንዳልሆነ፣ ከክልሉ ድርሻ ለአካባቢው መንገድና ጤና ጣቢያ የሚውል እንዲመደብ በረቂቁ እንደተጻፈ፣ ይህም ገና እንዳልጸደቀ፣ ነዳጁ ራሱም ሁለተኛ ጉድጓድ ተቆፍሮ ካልታየ ለገበያ የሚበቃ መሆን አለመሆኑ እንደማይታወቅ ነገሯቸው። ሙሐመድአሚን ይህን ለመስማት አይደለም የመጣሁት ብለው ኮሪደር ወጡ። አባባ ወጥተው ሲያመጧቸው ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ብቻ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ አባባ ተነሱ። ሰብሳቢው ሰዓት ስላለቀ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲያስገቡ ጠየቋቸው። አባባ ግን አልተቀመጡም። እጃቸውን ወደ ካርታው ዘርግተው ተናገሩ፤ ቃሉን ሳልለውጥ ነው የምጽፍልህ፦

«ነዳጁን አይተነው አናውቅም። ሆራውን ግን እናውቀዋለን። ነዳጁ የመንግሥትና የሕዝብ ነው አላችሁኝ፣ ተቀብያለሁ። መንግሥት ለእኔም የሚቆም ከሆነ ግን ዛሬ እዚህ ይቁምልኝ። አጥሩ ሆራውን ይተውልን።»

የኩባንያው ተወካይ በትሕትና ነው የመለሰው፤ መንገዱ ከሆራው ከራቀ በአጠገቡ ያለውን ገደል መሻገር ይኖርበታል፣ ድልድይ ይጠይቃል፣ ሥራው ይዘገያል አለ። ሰብሳቢው ወደ ወጣቱ መሐንዲስ ዞረው ይቻላል ወይስ አይቻልም ብለው ጠየቁት። ልጁ ለአፍታ አለቆቹን አየ። ከዚያ ይቻላል፣ ወጪ ግን አለው አለ። ሰብሳቢውም መነጽራቸውን አውልቀው «ወጪ ከሆነ የኩባንያው ነው። ፈቃዱን የሰጠነው እኛ ነን፣ ውሉ ላይ የሚገባውንም የምንለው እኛ ነን። ዕቅዱ ተስተካክሎ ይምጣ» አሉ። የሆራው ውኃም ኩባንያው ባልቀጠረው ላቦራቶሪ በየወቅቱ እየተመረመረ ውጤቱ ቀበሌ ላይ እንዲነበብ ተጻፈ። ይህን ያነሳችው የወይንሐረግ ናት። እኔ ደግሞ አንተ ስለዚያ ነዳጅ ከሚወጣበት ዴልታ የመጣ ናይጄሪያዊ ጎረቤትህ የነገርከኝን፣ አባቱ ዓሣ ያጠምዱበት የነበረው ወንዝ ነዳጅ ፈስሶበት እንደቀረ ያጫወትከኝን አሰብኩ። በዚያ ቀን አንተም በአዳራሹ ውስጥ ነበርክ ማለት ነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አላጋንንልህም። ከታጠረው ውስጥ የገባው ግጦሽ ሥራው ሲያልቅ ለማን እንደሚመለስ አባባ ጠይቀው ጥርት ያለ መልስ አላገኙም። ሙሐመድአሚንም እስከ ዛሬ በድርሻው ነገር አልተዋጠላቸውም፤ ልክ ናቸው እላለሁ፣ ጥያቄው ገና አላለቀም። ግን ባለፈው ሳምንት እማዬ ደውላ ነበር። መሐንዲሱ ከወረዳው ሰዎች ጋር ሄዶ ቀዩን ችካል ነቅሎ ከገደሉ ማዶ ተክሎታል። ከብቱ እንደ ወትሮው እየወረደ ይጠጣል አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ። የመንደሩ ልጆችም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብየዳና ኤሌክትሪክ እንዲማሩ እየተመዘገቡ ነው፤ የአጎታችን ልጅ ሚልኬሳ አንዱ ነው። የሺጥላ ከዚያ ወዲህ የማንንም ስልክ አያነሳም። ወንዝ ማዶ ካሉት አንዳንዶቹ ሊፈርሙለት ሲሉ ሙሐመድአሚን በጊዜ ደረሱባቸው።

ኦቦ ያደታም የእኛን ነገር ካዩ በኋላ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ወደ ፋብሪካው አስተዳደር መሄድ ጀምረዋል፤ በግንቡ በኩል ለከብት የምትሆን በር ትከፈትልን እያሉ። እስካሁን እናያለን ነው የተባሉት። በሄዱ ቁጥር ኮታቸውን ለብሰው ነው የሚሄዱት። አባባ ሲሰናበቷቸው በኦሮምኛ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኗቸው፤ ቃሏን ከሩታ ተምረው ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሱቁን ሸጧል ወይም ሊሸጥ ነው ሲባል ከሰው ሰምቻለሁ። ለነዳጁ ብለህ ከሆነ ወንድሜ፣ አትሽጠው። ያ ነዳጅ ቢወጣ የሚወጣው ሩታ ትልቅ ሴት ስትሆን ነው፤ ሲወጣም በአባባ ስም አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። በአባባ ስም የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሀቢቾ ሜዳ ላይ ስንት ወንድማማች ይጋደል ነበር? እኔ ድሮ መንግሥት ሲባል የሚመጣልኝ ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ የተሰለፍኩት ወረፋ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው መሐል ገብቶ ይህ የሁላችን ነው፣ ይህኛው ደግሞ አይነካም የሚል ካልኖረ አባባን የመሰለ ሰው ከኩባንያ ጋር ብቻውን ምን ያደርጋል እላለሁ። ሲያጠፋም የምንጠይቀው መኖሩ ጥሩ ነው።

በዚያ ስልክ የተናገርከው ከልብህ እንዳልሆነ ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ያውቁታል። ያን ያህል ዓመት ብቻውን በሰው አገር የቆየ ልጅ የአገሩን ዕድል ሲሰማ ቢቸኩል ምን ይደንቃል አሉኝ፤ ይህን ያሉኝ ያኔውኑ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ። እኔ ነኝ እስካሁን ሳልነግርህ የቆየሁት፤ አንተ ቀድመህ እንድትደውል ፈልጌ። ያ የእኔ እልህ ነበር፣ ይቅር በለኝ።

ሊሄዱ አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው ለባርናባስ ምን ልበልልዎ አልኳቸው። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። በመስኮቱ በኩል እጄን ይዘው፣ «ከነዳጁ ምንም እንደማልጠብቅ ንገሪው» አሉ። «እሱን ግን እጠብቃለሁ።»

እማዬ ሳመችህ፤ ጋቢህን ፈትላ ጨርሳለች፣ ለሸማኔ ልትሰጥ ነው። ፈቀደ ሰላም ብሎሃል፤ አሁን የሚሠራው ቡራዩ ላይ አንድ ትልቅ ሕንፃ ስለሆነ ማታ አቧራ ለብሶ ይገባና ስለ አንተ ይጠይቀኛል። ሩታ አጎቴ መልኩ እንዴት ነው እያለች ፎቶህን ደብተሯ ውስጥ አድርጋዋለች። ሚልኬሳ የብየዳ መነጽር ከዚያ ይገኛል ወይ ብሎሃል። ኦቦ ያደታ ባያውቁህም ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ሙሐመድአሚንም እንደዚሁ። አንተም እዚያ ያሉትን የአገር ልጆች በየስማቸው ሰላም በልልኝ፤ ያቺንም ጎረቤትህን ከነልጆቿ። ለትንሳኤ ቦታውን አሳያት፣ አገሩ አዲስ ነው የሚሆንባት።

አባባ ጠዋት ጠዋት ከብቱን አውጥተው ሲመለሱ ስልካቸው ክፍት ነው። በዚያ ሰዓት ደውልላቸው።

የምትወድህ እህትህ
ደስታነሽ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.